4,187,157፦ አንዲት የሎተሪ ቁጥር ስትበተን

ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴያትር ጀርባ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀጠሮ አለኝ። የቀጠረኝ ሰው «ሜክሲኮ ደርሻለሁ» ካለ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። የአዲስ አበባ ሰው «ደርሻለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሎተሪ አዟሪው ልጅ የመጣው በዚህ መሀል ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ይዩዋት። ሰባት ሁለቴ አላት፤ መጨረሻዋም ሰባት ነው። ሰባት ደግሞ ይወጣል» አለኝ። ገዛሁት። ሰባት ይወጣል ብዬ አይደለም፤ ልጁ ደስ ስላለኝ ነው።

ለዕጣ ከሆነ ሁሉም ቁጥር እኩል ነው። ብዙ ሰው 1,111,111 የሚል ትኬት ቢሰጡት «ይሄ እንዴት ይወጣል!» ብሎ ይመልሳል። የተዘበራረቀ የሚመስለውን ይመርጣል። ማሽኑ ግን መልክ አያይም። የሁለቱም ዕድል አንድ ነው።

ዕጣውን ትተን ቁጥሯን ራሷን ብናያትስ? በምን ትካፈላለች? ከምን ተሠራች? ማኪያቶዬ እስኪመጣ ትኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከኪሴ አንድ የቆየ ደረሰኝ አወጣሁና ጀርባው ላይ ጻፍኳት፦ 4,187,157።

መጀመሪያ ልጁ ካመሰገናት ከመጨረሻዋ አሃዝ እንነሳ። የመጨረሻ አሃዝ የሚነግረን ስለ 2፣ ስለ 5 እና ስለ 10 ብቻ ነው። የምንቆጥረው በዐሥር ነው፤ ዐሥር ደግሞ 2 ሲባዛ በ5 ነው። ስለዚህ መጨረሻዋ 7 ሲሆን የምናውቀው ጎዶሎ መሆኗንና በ5 አለመካፈሏን ነው። በ7 ትካፈል እንደሆነ መጨረሻዋን አይተን አናውቅም። ለምሳሌ 17 በ7 አይካፈልም፤ 14 ግን ይካፈላል።

ቀጥሎ 3። ትምህርት ቤት «አሃዞቹን ደምር፤ ድምሩ ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል» ተብለን ተምረናል። ለምን እንደሆነ ግን የነገረን አልነበረም። ሸመደድነው፣ አለፍን። ነገሩ እኮ በጣም ቀላል ነው።

ቁጥሯ ብር ናት እንበል። 4,187,157 ብር ውርስ ለሦስት ወንድማማቾች ይከፈል። አንድ መቶ ብር ብንከፍል ለእያንዳንዳቸው 33 ይደርሳል፤ 1 ብር ይተርፋል። አንድ ሺህም ቢሆን 333፣ 333፣ 333 ተብሎ 1 ብር ይተርፋል። ዐሥር ብርም፣ ሚሊዮንም እንደዚሁ ነው፤ ሁሌም የሚተርፈው 1 ነው። እንግዲህ ከ4ቱ ሚሊዮን 4 ብር ይተርፋል። ከ1ዱ መቶ ሺህ 1፣ ከ8ቱ ዐሥር ሺህ 8፣ ከ7ቱ ሺህ 7፣ ከ1ዱ መቶ 1፣ ከ5ቱ ዐሥር 5 ይተርፋል። ዝርዝሩ 7 ብር አለ። ሲደመር 33። አሃዞቹን መደመር ማለት ትራፊውን መሰብሰብ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። 33 ብር ለሦስት ሲከፈል 11፣ 11። ማንም አይጣላም።

ወንድማማቾቹ ዘጠኝ ቢሆኑስ? ያው ስሌት ይሠራል፤ ከ10ም፣ ከ100ም፣ ከ1,000ም ለዘጠኝ ሲከፈል የሚተርፈው 1 ነው። ግን 33 ብር ለዘጠኝ ሲከፈል 6 ይተርፋል። በ9 አትካፈልም። ስለዚህ 3 ውስጧ ያለው አንዴ ብቻ ነው። ለ3 ስናካፍላት 1,395,719 ትሆናለች።

አሁን 7 ይምጣ። ለ7፣ ለ11 እና ለ13 የሚሆን አንድ ዘዴ አለ፤ ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን አልደረሰንም። ሦስቱ ሲባዙ 1,001 ይሆናሉ። 1,000 ማለት ከ1,001 አንድ የጎደለው ነው። ስለዚህ ለ7፣ ለ11 ወይም ለ13 ሰው ስታካፍሉ እያንዳንዱ ሺህ የ1 ብር ጉድለት ያመጣል። ሚሊዮን ደግሞ 999,999 እና 1 ነው፤ 999,999 የ1,001 ብዜት ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊዮን 1 ብር ያተርፋል። ቁጥሯ 4 ሚሊዮን፣ 187 ሺህ፣ 157 ናት። 157 ሲቀነስ 187፣ ሲደመር 4። መልሱ ከዜሮ በታች 26 ነው። ጉድለቱ 26 ብር ነው ማለት ነው።

26 ለ7 አይካፈልም። ለ11ም አይካፈልም። ለ13 ግን በትክክል ይካፈላል። ልጁ ሰባት ሰባት እያለ ያሞገሳት ቁጥር ከሰባት ጋር ዝምድና የላትም፤ ዘመዷ ብዙ ሰው የሚሸሸው 13 ሆኖ ተገኘ። 1,395,719ን ለ13 ስናካፍል 107,363 ይቀራል።

እዚህ ላይ አቋራጩ አለቀ። ከዚህ በኋላ እየሞከሩ መሄድ ነው። መሞከር ያለብን በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው፤ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ በሌላቸው፦ 17፣ 19፣ 23 እያልን። በ15 ወይም በ21 መሞከር አያስፈልግም። በ3 ያልተካፈለ በ15 አይካፈልም።

እስከ ስንት ድረስ? ይሄ ጥያቄ ወሳኝ ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ትልቅ ሊሆኑ አይችሉም። 327 በራሱ ሲባዛ 106,929 ነው። 328 በራሱ ሲባዛ 107,584 ነው፤ ከ107,363 አለፈ። ስለዚህ 107,363 ከሁለት ቁጥሮች ከተሠራ ትንሹ ከ327 አይበልጥም። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 66 ናቸው። ምንም ሳንቀንስ ከመጀመሪያዋ ቁጥር ተነስተን ቢሆን ኖሮ እስከ 2,046 ድረስ 309 ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ሊጠብቀን ይችል ነበር።

በ17 አካፈልኩ፤ 8 ተረፈ። በ19፣ 13 ተረፈ። በ23፣ 22። ለጥቂት አመለጠኝ።

ሰለቸኝና ቀና አልኩ። ከባንኮኒው በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ቀኖቹ በግዕዝ ቁጥር የተጻፉበት። እስቲ ቁጥሬን በግዕዝ ልጻፋት አልኩ፤ እንዲሁ ለጨዋታ።

፬፻፲፰፼፸፩፻፶፯

ዳዊት የደገመ ሰው እስከ ፻፶ ያለውን አይቸገርም። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል፣ ወይም ከነጭራሹ አልተማርነውም። ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። ከ፩ እስከ ፱ አንዶች፣ ከ፲ እስከ ፺ ዐሥሮች ናቸው። ከዚያ ፻ መቶ ነው፣ ፼ ደግሞ እልፍ፣ ማለትም ዐሥር ሺህ። ዛሬ «እልፍ» ስንል እንዲሁ ብዙ ማለታችን ነው፤ የጥንቱ እልፍ ግን ልኩ የታወቀ 10,000 ነው። ዜሮ የለም። የቁጥሮቹ መልክ ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው።

አጻጻፉን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዛሬ ትልቅ ቁጥር የምንጽፈው ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጥን ነው፤ ሺህ፣ ሚሊዮን እያልን። የግዕዙ ግን የሚቆርጠው ሁለት ሁለት ነው። የእኔ ቁጥር ፬፣ ፲፰፣ ፸፩፣ ፶፯ ሆና ተቆራርጣለች። በመሀላቸው ፻፣ ፼፣ ፻ እየተፈራረቁ ገብተዋል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ በሄዳችሁ ቁጥር መቶ እጥፍ ይጨምራል። ሲነበብ አራት መቶ ዐሥራ ስምንት እልፍ፣ ሰባ አንድ መቶ፣ ሃምሳ ሰባት።

ታዲያ ቅድም በሺህ የሠራነውን ለምን በመቶ አንሠራውም? 100 ከ101 አንድ የጎደለው ነው። ስለዚህ ለ101 ሰው ስናካፍል እያንዳንዱ መቶ 1 ብር ያጎድላል። እያንዳንዱ እልፍ 1 ብር ያተርፋል፤ 9,999 የ101 ብዜት ነውና። መቶ እልፍ፣ ማለትም ሚሊዮን፣ መልሶ 1 ያጎድላል። በግዕዙ አጻጻፍ ፻ም ሆነ ፼ በተሻገርን ቁጥር መደመሩ ወደ መቀነስ፣ መቀነሱ ወደ መደመር ይገለበጣል ማለት ነው። ከቀኝ እንጀምር። ፶፯ ይደመራል። ፸፩ ይቀነሳል። ፲፰ ይደመራል። ፬ ይቀነሳል።

57 ሲቀነስ 71፣ ሲደመር 18፣ ሲቀነስ 4። ዜሮ!

ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ መሰለኝ፤ አስተናጋጇ ዘወር ብላ አየችኝ። በ101 ትካፈላለች። በማካፈል ብቀጥል ኖሮ 101 ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር። በግዕዝ ስጽፋት ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። እርግጥ አጋጣሚ ነው። ግዕዝ ቁጥር ለ101 ተብሎ አልተሠራም፤ ሌላ ትኬት ብገዛ ላይሠራ ይችላል። ቢሆንም አንድ ቁጥር አጻጻፉ ሲለወጥ የሚያሳየን ጎኑ እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

107,363 ለ101 ሲካፈል 1,063 ነው። 33 በራሱ ሲባዛ 1,089 ስለሆነ እስከ 31 መሞከር ይበቃል። ሞከርኩ። አንዱም አይገባም። 1,063 ብቸኛ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ትኬቷ ተበተነች፦ 3 × 13 × 101 × 1,063።

በየትኛውም መንገድ ብትበትኗት መጨረሻ ላይ የምታገኙት እነዚህኑ አራቱን ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ 1,313 ሲባዛ በ3,189 መሆኗን ቢያገኝ እንኳ 1,313 ተመልሶ 13 እና 101 ይሆናል፤ 3,189ም 3 እና 1,063 ይሆናል። ለሁሉም ሙሉ ቁጥር እንዲሁ ነው። መሠረቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በኖረው በግሪኩ ዩክሊድ ሥራ ውስጥ አለ፤ ጀርመናዊው ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 በግልጽ አስፍሮ አረጋገጠው። ለእኔ ከሒሳብ ሁሉ ደስ የሚለኝ እውነት ይሄ ነው።

አራቱን ካወቃችሁ በኋላ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። ስንት አካፋይ አላት? በያይነቱ አስባችሁ አዛችሁ እንበል፤ አራት ዓይነት ወጥ አለ። እያንዳንዱ ወይ እንጀራው ላይ ይወጣል ወይ አይወጣም። 2 × 2 × 2 × 2፣ 16 ዓይነት ትሪ ይኖራል። ምንም ያልወጣበት ባዶ እንጀራ 1 ነው። ሁሉም የወጣበት ራሷ 4,187,157 ናት። አካፋዮቿ 16 ናቸው።

የጥንት ሰዎች አካፋዮችን መደመር ይወዱ ነበር። 6 ከራሱ በቀር አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ መልሰው 6። 28ም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን «ፍጹም ቁጥር» አሉት። የእኔ ትኬት አካፋዮች ከራሷ በቀር ሲደመሩ 1,890,411 ነው፤ ከግማሿ እንኳ አይደርስም። ፍጹምነት ሩቅ ነው። ጎዶሎ ሆኖ ፍጹም የሆነ ቁጥር ይኑር አይኑር ግን እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ያረጋገጠ የለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቢፈለግም አንድ አልተገኘም፤ «የለም» ብሎ ያስረዳም አልተገኘም።

ሌላም አለ። 13 የሁለት ካሬዎች ድምር ነው፤ 9 እና 4። 101ም ነው፤ 100 እና 1። ትኬቷስ? አይቻልም። ይህንንም አንድ በአንድ ሳንሞክር እናውቃለን። ደንቡን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተናገረው፣ ስዊዘርላንዳዊው ኦይለር በ18ኛው አረጋገጠው። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ጎዶሎ ጊዜ ተደጋግሞ ከገባበት ነገሩ አበቃ። 3 አንዴ ገብቷል። 1,063ም ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል፤ አንዴ ገብቷል። አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር። በመደመር እምቢ ያለችው በመቀነስ ግን ትገኛለች፦ 2,251 በራሱ ተባዝቶ፣ 938 በራሱ ተባዝቶ ሲቀነስለት እሷ ናት።

ብቸኛ ብትሆንስ ኖሮ? ከ10 ሚሊዮን በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 664,579 ናቸው። በዘፈቀደ የተመረጠች ባለ 7 አሃዝ ትኬት ብቸኛ የመሆን ዕድሏ ከመቶ ሰባት አይሞላም። ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ግን አያልቁም። አለማለቃቸውን ያረጋገጠው ያው ዩክሊድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወቅቱ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ተብሎ ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዝ አለው። 2ን በራሱ 136,279,841 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የሚመጣው ነው። ያን ጽፋችሁ ለማንበብ የምትነሱ ከሆነ መልካም ዕድል።

አሁን ልብ በሉልኝ። አራቱን ቁጥሮች ብሰጣችሁ በስልካችሁ ለማባዛት ዐሥር ሰከንድ አይፈጅባችሁም። እኔ ግን ቁጥሯን ይዤ አራቱን ለማግኘት አንድ ማኪያቶ ጨርሻለሁ። መሄጃው አስፋልት፣ መመለሻው ዳገት ነው። በ7 አሃዝ ይሄ ቀልድ ነው፤ ኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይበትናታል። አሃዙ ሲበዛ ግን ዳገቱ ገደል ይሆናል።

ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚህ ገደል ቁልፍ ሠሩበት። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አርኤስኤ ይባላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ሁለት በጣም ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች በምሥጢር ትመርጣላችሁ። ታባዟቸዋላችሁ። ብዜቱን ለሁሉም ሰው ትናገራላችሁ፤ በሱ መልእክት ቆልፎ ይልክላችኋል። ለመክፈት ግን ሁለቱን ቁጥሮች ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነሱ ያሉት እናንተ ጋ ብቻ ነው። ቁልፉ የተሰቀለው አደባባይ ላይ ነው፤ መክፈቻው ኪሳችሁ ውስጥ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ብዜት 617 አሃዝ አለው።

ይህ ምን ያህል አስተማማኝ ነው ለሚል፣ ለመበተን ፈተና ተብለው ይፋ የተደረጉ ቁጥሮች አሉ። አርኤስኤ-250 የተባለው፣ ባለ 250 አሃዙ፣ የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። አንድ የኮምፒውተር ኮር (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ ለብዙ ሺህ ኮሮች ተከፋፍሎ ነው ያለቀው። ቁጥር ለማካፈል ሥራውን ማካፈል ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅና መበተን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሕንድ ውስጥ ካንፑር የሚሠሩ አግራዋል፣ ካያል እና ሳክሴና እ.ኤ.አ. በ2002 ሁሌም በአጭር መንገድ፣ ያለ ጥርጥር የሚለይ ዘዴ አሳይተዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ግዙፍ ቁጥር «ይሄ በእርግጥ የሆኑ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ የየትኞቹ እንደሆነ ግን አናውቅም» ማለት ይቻላል። ሰውዬው ልጆች እንዳሉት በማስረጃ ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ ማን ማን እንደሆኑ ግን የሚነግራችሁ የለም።

የቀጠረኝ ሰው ደውሎ «ስታዲየም ነኝ» አለ። ወደኋላ ነው ወደፊት የሚሄደው? ብቻ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሎተሪ አዟሪው ልጅ በጠረጴዛዎቹ መሀል ዞሮ ሲመለስ ከእጁ ላይ ያለውን ጥቅል አየሁት። ከላይ ያለችው የእኔዋ ጎረቤት ናት፦ 4,187,158። «ይቺስ ጋሼ? በስምንት ታልቃለች» አለኝ። ስምንት ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገረኝም።

ደረሰኙን ገለበጥኩት። በ2 ትካፈላለች፤ ይቺ ግልጽ ናት። 2,093,579 ይቀራል። አሃዞቹ ሲደመሩ 35፤ በ3 የለም። 579 ሲቀነስ 93፣ ሲደመር 2፣ 488፤ በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም የለም። በግዕዝ ጻፍኩት፤ 101ም የለም። እንግዲህ እስከ 1,446 በእግር ነው።

በ17፣ 12 ተረፈ። በ19፣ 7። በ23፣ 4። ሰውዬው በሩ ላይ ብቅ ሲል 59 ላይ ነበርኩ። 23 ተረፈ።